የምልክት ሰጪው ጥማት

ኦክቶበር 7፣ 1997፣ ማክሰኞ

ዛሬም አስቻለውን በታክሲዬ ለኩላሊት እጥበት ወሰድኩት። ግሌንዴል ካለው አፓርትመንቱ አንስቼ፣ ኢስት ኮልፋክስ የሚባለውን ጎዳና ይዤ፣ አውሮራ ድረስ። መንገዱን ሙሉ ስለ ውሃ ነው ያወራው። ትናንት የጠጣሁት ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነው ይላል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ታየ። ነርሷ አጸደ የአገር ልጅ ናት፤ ቁጥሩን ጽፋ አየችኝ። እኔን እንጂ እሱን አይደለም። ጠባቂው እኔ ነኝና።

ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደሙ በማሽን ታጥቦ ይመለስለታል። ሽንት ስለማይሸና የጠጣው ሁሉ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሲበዛ ሳንባውን ይሞላዋል። ስለዚህ ቤቱ ስገባ መጀመሪያ የማየው የታጠበ ብርጭቆ መኖር አለመኖሩን ነው። ፍሪጁ ውስጥ በረዶ ካገኘሁ እደፋዋለሁ። «አንተ እስር ቤት ብትቀጠር ይሄኔ ኃላፊ ነበርክ» ይለኛል። ይበል።

ከጎኑ ባለው ወንበር አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ አሉ፤ ሚስተር ላርሰን ይባላሉ። ዛሬ አስቻለው ክንድ ላይ የተነቀሰችውን መልህቅ አይተው «ባሕር ኃይል?» አሉ። አዎ፣ ሁለታችንም፤ የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር አብራሪዎች ነበርን አልኳቸው። ሰውየው መርፌው ክንዳቸው ላይ መሆኑን ረስተው ሊነሱ ነበር። ለካ እሳቸውም ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚነሱ የጄት አብራሪ ኖረዋል። የየት አገር ናችሁ አሉን፤ ነገርኳቸው።

«ኢትዮጵያ ባሕር የላትም እኮ» አሉ።

«አሁን የላትም» አለ አስቻለው።


ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

አራቱ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላወቅኩም። ሦስታችንም ስለ መርከብ ስንከራከር ዋልን። ሁለቱ በየማሽናቸው ታስረው፣ እኔ መሐላቸው በርጩማ ላይ።

የሚስተር ላርሰን መርከብ አምስት ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር። ፀጉር አስተካካይ አላት፣ እስር ቤት አላት፣ አይስክሬም የሚሸጥባት ሱቅ አላት። «ግን ምግቤን የሚያበስለውን ሰው ፊቱን አይቼው አላውቅም» አሉ። አንድ ጊዜ ከእሳቸው ክፍል ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚያድር ልጅ ሞቶ፣ የሰሙት መርከቧ ውስጥ ከምትታተም ጋዜጣ ነው። አስቻለው በጣም ሳቀ። የእኛዋ ላይ የአንዱ ሆድ ከታመመ ምሳ ሳይደርስ መካኒኩም ካፒቴኑም ያውቃል አላቸው።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት በትልቋ የማሰልጠኛ መርከባችን ላይ ነው። ነጭ ዩኒፎርም፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የብር ሹካ። አስቻለው በዚያ ጊዜ ጥቁር ባሕር ላይ ከሩሲያዎች ጋር ነበር። እዚያ ሐኪም የደም ግፊትህን ሳይለካ ማንም አይነሳም፤ ጀግና ብትሆንም አይነሳም። ኋላ ሁለታችንንም ምፅዋ ላይ አገናኙንና ታንክ ከምታጓጉዝ መርከብ ጋር አሠሩን። ኋላዋ ላይ የማረፊያ ሜዳ በይደውላታል፤ የቤቴ ሳሎንና ጓዳ ቢደመር ይበልጠዋል። አንድ ሄሊኮፕተር፣ ሁለት አብራሪ። አንዱ ሲበር ሌላው ወለሉ ላይ ቆሞ ምልክት ይሰጣል። የብር ሹካ ያየ ሰው እዚያ ምን ይላል? ምንም አልልም፤ ለመድኩ።

«ውሃስ?» አለ አስቻለው። የእሱ ወሬ መጨረሻው ሁልጊዜ ውሃ ነው። ሚስተር ላርሰን፣ አውሮፕላኑን የሚወረውረው ማሽን በእንፋሎት የሚሠራ ስለነበረ በረራ በበዛ ቀን ውሃውን ማሽኑ ይጨርሰዋል፣ ሰዉ ሳሙና እንደተቀባ ይቀራል አሉ። አስቻለው ደስ አለው። ሩሲያዎቹ ፍራፍሬ ቀቅለው የሚሠሩትን ኮምፖት አንስቶ ቅዝቃዜውን፣ ከብርጭቆው ሥር የሚቀረውን ቼሪ እያለ ተረከ። ከዚያ የእኛን መርከብ ውሃ። ገንዳው ፀሐይ ላይ ስለሚውል ሞቃት ነው፣ ዝገት ዝገት ይላል። «አቤት ያ ውሃ! አሁን ባገኘው!» አለ። አጸደ በአማርኛ «ኧረ ጋሼ፣ ርዕስ ቀይሩ» አለችን።

ሚስተር ላርሰን አንድ ነገር ጠየቁ። በእሳቸው መርከብ አውሮፕላን በሚነሳና በሚያርፍበት ሰዓት ሁሉ አንዲት ሄሊኮፕተር ከጎን ታንዣብባለች፤ ባሕር ውስጥ የወደቀውን የምታነሳ። «እናንተ ስትወድቁስ ማን ነበር የሚመጣው?»

አስቻለው ወደ እኔ አየ። «የምታነሳዋ እኛ ነበርን» አላቸው።


ኦክቶበር 26፣ እሑድ

ጓንቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከብርድ ነው።

ዓርብ የጀመረው በረዶ ትናንት ከተማውን ዘጋው። ሰፈራችን ፓርክ ሂል፣ የእኛ መንገድ ላይ መኪኖቹ ጉብታ ብቻ ሆኑ። ታክሲዬን አስነስቼ ከመታጠፊያው አላለፍኩም፤ ተቀረቀረች። ባለቤቴ ሀጂራ «አብዱ፣ አብደሃል እንዴ? ደውልለትና ቁጭ በል» አለች። ቅዳሜ እኮ ነው አልኳት። በእግሬ ሄድኩ። ከፓርክ ሂል ግሌንዴል ድረስ በእግሩ፣ በዚያ በረዶ፣ ሌላ የሄደ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ደርሼ በሩን ስከፍት አስቻለው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ጎድጓዳ ሳህን። ከበረንዳው በረዶ ዝቆ በማንኪያ እየበላ ነው። እንደ ሕፃን ልጅ፣ ረጋ ብሎ። ሳህኑን ከእጁ መታሁት፤ ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ጮህኩበት። ምን እንዳልኩ አልጽፍም።

እሱ አልተቆጣም። «ዛሬ ማንም አይመጣም ብዬ ነው። አንድ ቀን ልረፍ ብዬ ነው» አለ።

ዛሬ ጎረቤቱ በትልቅ መኪናው ወሰደን። ደረቱ ይንፏፏ ነበር። አጸደ ማሽኑ ላይ አጣድፋ አስገባችው። ዓርብ ማታ ቤቴ አምጥቼ ማሳደር ነበረብኝ። የአየር ትንበያ ማንበብ ሥራዬ የነበረ ሰው እንዴት ይሄን ያጣል? በጣም ነው የተናደድኩት በራሴ።


ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ወሬው ስለ ክልከላ ነበር። በሚስተር ላርሰን መርከብ ላይ፣ ከኋላ ጠርዝ የሚቆም መኮንን አለ። አመጣጥህ ካላማረው ቀይ መብራት ያበራብሃል፤ ሳታርፍ ዞረህ ትመጣለህ። ማታ ደግሞ የሁሉም አስተራረፍ ጓደኞቹ ፊት እየተነበበ ማርክ ይሰጠዋል። «ከጦርነቱ ይልቅ እሱን ነበር የምንፈራው» አሉ።

እኛ መብራት የለንም። ሰው ነው ያለን። ምልክት ሰጪው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ያጣምርና ይበትናል፤ ደጋግሞ። ሌላው ምልክት ሁሉ ምክር ነው፤ ወደ ግራ፣ ዝቅ፣ ቀስ። ይሄኛው ግን ትእዛዝ ነው። ማዕረግህ ቢበልጥም ዞረህ ትሄዳለህ። አብራሪው ከሆዱ ሥር ያለውን ወለል አያይም፤ የሚያየው እሱ ነው።

ለሚስተር ላርሰን የዳህላኩን ነገርኳቸው። ሁለት ቁስለኛ ይዣለሁ፣ የነዳጁ መብራት በርቷል፣ መርከቧ ከፊቴ ናት። አስቻለው እጁን አጣመረ። ዞርኩ። መጣሁ። አጣመረ። በሬዲዮ እናቱን ሰደብኩ። ሦስተኛ ጊዜም አጣመረ። አንዲት ደሴት አሸዋ ላይ ሄጄ አረፍኩ፤ ጀልባ ልከው አነሱን። በኋላ ነው የሰማሁት፤ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው የገመድ መረብ ባንድ በኩል ተፈትቶ ነበር። ብወርድ ኖሮ የሄሊኮፕተሩ ሽክርክሪት ይስበዋል፣ እኔም ቁስለኞቹም ወለሉ ላይ የቆመውም አብረን እናልቃለን።

«በሕይወቴ አንድም ጊዜ ክልከላ ጥሼ አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ብዙ ነገር እወቀሳለሁ፣ በዚህ ግን የሚወቅሰኝ የለም።

አስቻለው ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። «ሰደበኝ እንጂ ታዟል» አላቸው።


ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ለአስቻለው ልስጥ ያልኩትን ኩላሊቴን አንቀበልም አሉኝ። የደም ግፊት። ያቺ ሐኪም የዕድሜዬን ግማሽ አትሆንም፤ በትሕትና ነው ያባረረችኝ። ለአስቻለው ስነግረው «ሩሲያዎቹም አያስነሱህም ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከባሕር ወጥቼ በታክሲ ወንበር ላይ ያገኘሁት ግፊት ነው።

ከሟች ለሚገኝ ኩላሊት ተራ መጠበቁ ደግሞ ለሱ አይሆንም፤ ልቡም እየደከመ ነው፣ ዶክተሩ ዘመድ ቢሰጠው ነው የሚሻለው ብሏል። ዘመድ ያለችው አንዲት ልጁ ብቻ ናት። ፀዳል።


ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ከእጥበት መልስ ቤቱ ሻይ ጉንጭ አድርገን (የእሱን እኔ ለክቼ) ስለ ፀዳል አነሳሁ። ልጁ አዲስ አበባ ነው ያለችው፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ አግብታ ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ አላት። አንድ ኩላሊት ለጤነኛ ሰው በቂ ነው አልኩት፤ ሐኪሟ ራሷ ብላኛለች።

ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አነሳና ተንጠራራ። ደክሞታል። እጥበት ባለበት ቀን ማውራት ጥሩ አይደለም።


ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

ለፀዳል ደወልኩላት። ለሱ አልነገርኩትም። ሲድን ያመሰግነኛል።

መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ «ጋሼ አብዱልሐሚድ፣ አባዬ ፈቅዷል?» አለች። ፈቅዷል አላልኩም። «አንቺ ቪዛውን ጨርሺ፣ የአባትሽን ነገር ለኔ ተይው» ነው ያልኩት። ይሄ ውሸት አይደለም። «እሺ፣ እሰጣለሁ» አለች። ከኋላ ሕፃኗ ታለቅስ ነበር።


ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

የሚስተር ላርሰን ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ወፍራም፣ ቴሌቪዥን የሚያይ።

እዚያ ቤት እንዲህ ነው የሚነገርህ። አጸደን ጠየቅኳት፤ ዙሪያውን አይታ «በራሳቸው ፈቃድ እጥበቱን አቆሙ። ሳይን አድርገው ነው የሄዱት። ቅዳሜ ዐረፉ» አለች። እንደዚያ ያለ ሰው! አውሮፕላን ሲያሳርፍ የኖረ ሰው እጁን ይሰጣል? በጣም ነው የከፋኝ። ከአስቻለው ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ለካ ሰምቷታል።

እጥበቱ ሊያልቅ ሲል «በትልቅ መርከብ ላይ ነው የኖሩት፤ ብቻቸውን ሞቱ» አልኩ። «እኔንጃ። ማን አብሯቸው እንደነበረ በምን ታውቃለህ?» አለኝ።


ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

መኪናውን ፓርክ አድርጌ ስገባ አስቻለው አጸደን «ስንት ቀን ይፈጃል?» ሲላት ሰማሁ። እሷ «እንደ ሰዉ ነው ጋሼ» አለችና እኔን ስታይ ወደ ማሽኑ ዞረች። የቪዛውን ነገር ከየት ሰማ ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ ግን ምንም አላነሳም። ሌላ ነገር ይሆናል።


ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ሰማ። ፀዳል ራሷ ደውላ ነግራዋለች፤ አባቷን መደበቅ አልቻለችም።

መኪና ውስጥ ነው የጀመረው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው የባሰው።

«ደውለህ ካንሰል አድርጊው በላት።»

«አላደርገውም።»

«አብዱ፣ የምታጠባ ልጅ ናት። እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ። የሷን ሆድ አስቀድጄ ስንት ዓመት ልኖር ነው?»

«አሥር! ሃያ! ምን አውቄ!»

«ልቤስ?»

«ልብህን ተወው!»

ኮልፋክስ ላይ ቀይ መብራት ነበር፤ ከኋላዬ ጡሩንባ እስኪነፉብኝ ድረስ አረንጓዴ መሆኑን አላየሁም። «እኔ ካልተውኩህ ነው ጥፋቴ?» አልኩት። አሁን ሳስበው ደግ ቃል ነው፤ ያኔ ግን ስድብ መስሎ ነው የወጣው።

ካወረድኩት በኋላ በሩን ይዞ ጎንበስ ብሎ አየኝ። «አንተ ጥሩ አብራሪ ነበርክ» አለኝ። ይሄ ምን ማለት ነው? ሀጂራን ጠየቅኳት። «ለምን እሱን አትጠይቀውም?» አለች። ሴት ልጅ ቀጥተኛ መልስ አይወጣትም።


ዲሴምበር 31፣ ረቡዕ

ረመዳን ገባ። ከሰዓት በኋላ ላይ ምላሴ እንጨት ሆነ። አስቻለው ጉንጬን አይቶ «እንኳን ደህና መጣህ ወደኔ አገር» አለኝ። «አንተ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ትጠጣለህ። የኔ ፀሐይ አትጠልቅም።» በቀልድ ነው። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የመኪና ውስጥ ጭቅጭቅ ወዲህ እንዲህ ስቀን አናውቅም።


ጃንዋሪ 8፣ 1998፣ ሐሙስ

ቪዛው ተሰጣት! አልሐምዱሊላህ! ትኬቷ ለሃያ ስምንት ተቆርጧል። ሕፃኗን አማቷ ትይዛታለች። ትናንት የገና በዓላቸው ነበር፤ ስጦታ አድርጌ ነው የነገርኩት፣ ማሽኑ ላይ እንዳለ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

«መልካም» አለ። ከዚያ «ቁርጥ ሆነ በለኛ» አለ። በቃ። ሰው መጨረሻ ላይ እንዲህ እሺ ይላል።


ጃንዋሪ 11፣ እሑድ

አስቻለው ቤታችን መጣ። ድስቶቹን ሁሉ፣ መጥበሻዎቹን፣ ያን የሚወደውን የብረት ምጣድ በካርቶን ይዞ። ለሀጂራ ሰጣት። ለፀዳል ቦታ እያዘጋጀ መሆን አለበት፤ ጓዳው ጠባብ ነው። ለልጄ ለአፍናን የበረራ ሰዓቱን ሰጣት። እኔ ስመኘው የነበረ ሰዓት ነው። ጥቂት ቀናሁ።

ሲሄድ ለእያንዳንዳችን እጅ ነሳ። አፍናን በሩ እንደተዘጋ፣ «አባዬ፣ ዛት ወዝ ጉድባይ» አለች። አዎ፣ ሰው ሲሄድ ጉድባይ፣ ደህና ሁኑ፣ ይባላል አልኳት። ሀጂራ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፤ እስኪበቃት ከፍታው ቆየች።


ጃንዋሪ 13፣ ማክሰኞ

አልወረደም። ደወል ደወልኩ፣ በር መታሁ። ከውስጥ ሆኖ «ጉንፋን ነው፤ ሐሙስ እሄዳለሁ» አለ። ሲከፍትልኝ ተላጭቷል። ጉንፋን የያዘው ሰው ይላጫል?


ጃንዋሪ 15፣ ሐሙስ

ሳይን አድርጓል፤ እንደ ሚስተር ላርሰን። ቅዳሜ ነው የፈረመው፤ እኔ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ስጠብቀው። የመጨረሻው እጥበት ያ ነበር። አጸደ ታውቅ ነበር፤ አልነገረችኝም። ሕጉ አይፈቅድልኝም አለች። ሕግ!

ለመንኩት። ተንበረከክኩ፤ መጻፉ ያሳፍራል፣ ግን ተንበረከክኩ። «ልጅህ መንገድ ላይ ናት» አልኩት።

«ለዚያ ነው እኮ» አለኝ።


ጃንዋሪ 17፣ ቅዳሜ

እግሩ አብጧል። ምንም አይጠጣም፤ አሁን ማንም ሳይከለክለው። «ስጠጣ ቶሎ ነው፤ ከአንተ ጋር ጥቂት ልቆይ ብዬ ነው» አለ። ስለ መርከብ አወራን። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል አልኩት። የሩሲያዎቹ ሐኪም አላት፣ የላርሰን አይስክሬም አላት፤ የኛዋ ምን አላት?

«የኛዋ ላይ የሚመለከትህን ሰው ታውቀዋለህ» አለ።


ጃንዋሪ 19፣ ሰኞ

ጥምቀታቸው ነው። ለፀዳል ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ትኬቱን ማስቀደም አልተቻለም፤ ቦታ የለም ይላሉ። «ጋሼ፣ እኔ እመጣለሁ ባልል ኖሮ...» ብላ አልጨረሰችውም። የለም ልጄ አልኳት። የለም፣ የለም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም እያልኩ ነበር።

ያንን ስልክ ኖቬምበር ላይ ባልደውል ኖሮ ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። ይሄን ለሀጂራም አልነገርኳት።


ጃንዋሪ 22፣ ሐሙስ

ትንፋሹ አጥሯል። ሆስፒስ ከሚሉት፣ የማይድን በሽተኛ ከሚያስታምመው ድርጅት የምትመጣ ሴት ትንሽ የማስታገሻ ጠብታ ከምላሱ ሥር ታደርግለታለች። ከተማው በሙሉ የቡድኑን ብርቱካንማ ለብሷል፤ እሑድ የኳስ ዋንጫ አለ። ተሳፋሪዎቼ ሁሉ «እናሸንፋለን?» ይሉኛል።

አጸደን ጠየቅኳት። ዛሬም ቢሆን እሺ ካለ ማሽኑ ይቀበለዋል አለች። «እሺ ካለ ነው ጋሼ» አለች ደግማ። ሁለተኛውን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። ዊልቸር እንድታውሰኝ ለመንኳት። ቅዳሜ አቅፌም ቢሆን እወስደዋለሁ።


ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ጠዋት ዊልቸሩን ይዤ ሄድኩ። ካፖርቱን፣ ኮፍያውን፣ ወፍራሙን ካልሲ አልጋው ላይ ደረደርኩ። አስቻለው መስኮቱ አጠገብ ነው። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠቧል፤ ግን ያውቀኛል።

«ቅዳሜ ነው። ተነስ፣ እንሂድ» አልኩት። «አንድ ጊዜ ብቻ። ፀዳል እስክትመጣ ብቻ። እሱን እንኳን አድርግልኝ።»

ካፖርቱን ይዤ ወደሱ ስጠጋ ሁለት እጁን አነሳ። ግማሽ ደርሰው ወደቁ። ደግሞ አነሳቸው። ከራሱ በላይ አጣመራቸው፣ በተናቸው። ትንፋሽ ሰብስቦ እንደገና አጣመረ፣ በተነ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ክንዱ ላይ ያለችው መልህቅ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም፤ የመርከቧ ወለል ላይ ቆሞም እንደዚያ ነበር የሚያየኝ።

ስንት ጊዜ ነው ያሳየኝ? ኖቬምበር ላይም አይቼው ነበር። ተንጠራራ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ካፖርቱን ወንበሩ ላይ አኖርኩ። ዊልቸሩን አጥፌ ኮሪደር አወጣሁት። ደንቡ ዞረህ መሄድ ነው፤ ወጣሁና ሕንጻውን በበረዶው ላይ አንድ ዙር ዞርኩት። እያለቀስኩ ነው የዞርኩት፤ ውሻ የምታናፍስ አንዲት ሴት ደህና ነህ ወይ አለችኝ።

ስመለስ ወጥ ቤት ገባሁ። ቁም ሳጥኑ ባዶ ነው፤ ሁሉንም ለሀጂራ ሰጥቶ ያስቀረው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው። ቧንቧውን ከፍቼ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩና እስከ አፉ ሞላሁት። ይዤለት ስገባ ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ።

«ሙሉውን?» አለ። ድምፅ የለውም፤ ከንፈሩን ነው ያነበብኩት።

«ሙሉውን» አልኩት።

ራሱን ደግፌ ያዝኩለት። ቀስ ብሎ ጠጣ፤ በመሐል እያረፈ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ግማሽ ላይ ሲደርስ በእጁ ጀርባ ወደኔ ገፋው። «ጾመኛ ነኝ እኮ» አልኩት።

«ስትጠልቅ» አለ።

ብርጭቆውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት፣ እሱ ከሚያየው ቦታ። የቀትሩን ሰላት ዙህርን እዚያው ሰገድኩ፣ ከሰዓት በኋላ አስርንም። ሁለት ጊዜ እጄን ጠበቅ አደረገው። ከዚያ አላደረገውም።

ፀሐይዋ ከተራራው ኋላ ስትገባ እሱ ከሄደ ጥቂት ቆይቶ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ብርጭቆውን አነሳሁና ጠጣሁት። ከማሞቂያው በላይ ስለዋለ ሞቆ ነበር።